የእጀ ጥጥ ጣቶችና የደንበኞቹ ምክር

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው እጀ ጥጥ በሚል ስም ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ሌላ ስም አለው፤ በዚያ የምትጠራው ግን ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ገና በወጣትነቱ ነበር። ጢሙን ሊላጭ የመጣ አንድ መንገደኛ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለውና ሲነቃ ፊቱን በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ጨርሰሃል እንዴ? እኔ እኮ ገና በጥጥ የምትጠርገኝ መስሎኝ ነበር» አለ። መንገደኛው በዚያው ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ፀጉር ቤቱ በአንድ ጎኑ ጫማ ጠጋኝ፣ በሌላ ጎኑ መድኃኒት ቤት የያዙት ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስተዋት፣ የፎጣ ውሃ የሚፈላበት ድስት የተጣደበት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ተራ ለሚጠብቁ ደግሞ መሀሉ የሰረጎደ ረጅም አግዳሚ አለው። በሩን የከፈተ ሁሉ የሳሙናና የአልኮል ሽታ ይቀበለዋል። የግራው ወንበር የእጀ ጥጥ ነው። የቀኙ የሸሪኩ ነው፤ እሱንም ኮስታራው ይሉታል። ኮስታራው ሲስቅ ያየ ሰው አለ ይባላል፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሁለቱም ሥራውን የተማሩት ከአንድ አለቃ ነው። አለቃቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መቀስ ከማስጨበጣቸው በፊት አንድ ሕግ አስጨብጠዋቸው ነበር፦ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሳሳትም። አንገቱን ለምላጭ ከሰጠ ሰው ጋር መከራከር ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ ይናደዳል፣ ሲናደድ ይዞራል፣ ሲዞር ይቆረጣል። «ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው ቢላችሁ፣ 'እሺ ጌታዬ፣ የኛ ቤት በዚያ በኩል መስኮት ስለሌለው ነው ያላየነው' በሉት» ይሉ ነበር። ኮስታራው ሕጉን በዝምታው ይወጣው ነበር። እጀ ጥጥ ግን ከደሙ ጋር አዋሃደው። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሞ እሺ ሲል ከመኖሩ የተነሳ፣ መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው አቅጣጫ ተሳስቶ እንኳ ቢነግረው በዚያው በኩል ዞሮ የሚሄድ ሰው ሆነ።

ሁለተኛውን ሕግ ያወጡት ግን ሁለቱ ሸሪኮች ራሳቸው ናቸው። አለቃቸው ባረጁ ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሳቸው ግን ምላጩን አልሰጥም አሉ። አንድ ጠዋት የአንድ ሙሽራ ጉንጭ ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ አግዳሚው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ሽማግሌው በገዛ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በመስተዋቱ ውስጥ በሩን ሲመለከቱ መዋል ሆነ ሥራቸው። ሁለቱ ወጣቶች ይህን አይተው ተማማሉ። ከሁለታችን ምላጭ ይዞ እጁ የተንቀጠቀጠ፣ ማንም ሳይነግረው በዚያው ቀን ምላጩን ያስቀምጣል፤ ሰበብ የለም፣ ይግባኝ የለም ተባባሉ። ሲማማሉ የሁለቱም እጅ እንደ ድንጋይ የጸና ስለነበር መሐላው አልከበዳቸውም። መሐላ የሚከብደው ሲደርስ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁልፉ ከእጀ ጥጥ ጣቶች እያመለጠ አስቸገረው። ቀጥሎ የቧንቧው መክፈቻ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሳሙናው ክዳን እምቢ አሉት። የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች እንደ ቀርከሃ አንጓ ጎበጥ ጎበጥ አሉ፤ ሌሊቱን ድርቅ ብለው ያድሩና ረፋድ ላይ ቀስ እያሉ ይፈታሉ። አንድ ቀን የመቀሱ ቀለበት ከአውራ ጣቱ አልወጣም ብሎት በሳሙና አሟልጮ አወጣው። ለኮስታራው ግን ትንፍሽ አላለም። ከሕመሙ ይልቅ መሐላውን ነበር የፈራው። እናም ከሁሉ ቀድሞ እየገባ እጁን በፎጣው ሙቅ ውሃ ይዘፈዝፍ ጀመር። ሸሪኩ ሲገባ ፎጣ እየጨመቀ ያገኘዋል። ኮስታራው፣ እጀ ጥጥ ምን ነክቶት እንዲህ ፎጣ ወዳድ ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ መጠየቅ ልማዱ አልነበረም።

ከሸሪክ የተሰወረ ከደንበኛ አይሰወርም። መስተዋት ፊት የተቀመጠ ሰው፣ የራሱን ፊት ጠግቦ ካየ በኋላ የሚያየው የላጩን እጅ ነው።

መጀመሪያ ያየው የጭነት መኪና ሾፌሩ ነበር። ይህ ሾፌር ድምፁም ሆዱም ከመኪናው የማያንስ ሰው ነው። የእጀ ጥጥን ጣቶች እንዳየ፣ ቁርጥማት ነው፣ እኔንም ይዞኝ ነበር አለ። አንድ ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት እንደ ቲማቲም ቀልቶ አብጦ፣ አንሶላው ሲነካው እንኳ ሲጮህ እንዳደረ ተረከ። የዳነው ሥጋ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ምስር፣ አሳና ቢራ በመተው ነው። «አንተም ተው፤ ዛሬውኑ ተው» አለው። እጀ ጥጥ ቢራ ጠጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሳሳትምና፣ እሺ አለ። ማታም ባለቤቱ ያቀረበችለትን አሳ በአክብሮት ገፋ አደረገው።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ። እሳቸው የታመሙት ጉልበታቸውን ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን፣ ቤተሰቡም ክፉ መሆኑን እንደ ክፍል ትምህርት አስረዱት። እነዚህን ከተዉና ከውፍረታቸው ጥቂት ካራገፉ ወዲህ ደረጃ መውጣት ችለዋል። ወተት ግን ሳይጠጣ እንዳያድር፣ አሳም እንዳይለየው አጥብቀው መከሩት። «አጥንት ያለ ወተት ማለት፣ ግድግዳ ያለ ሲሚንቶ ማለት ነው» አሉት። እሺ አላቸው።

ሦስተኛው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ጎልማሳ ነው፤ እጀ ጥጥንም ጋሼ እያለ ያከብረዋል። የሱ አክስት እጇ ደርቆ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ ወተትና ዳቦ እርም ብላ፣ በባዶ ሆዷ የዝንጅብል ውሃና እርድ በማር እየወሰደች ዛሬ በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች። «ጋሼ፣ ወተትማ እንዳይነኩ» አለ። እሺ ተባለ።

ሦስቱም ያወሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱ ራሳቸው፣ የሦስተኛውም አክስት ድነዋል። እጀ ጥጥ ከዳነ ሰው ጋር ምን ብሎ ይከራከር? ችግሩ ወተቱ ላይ ነበር። ብዙ አሰበና መላ አገኘለት። መምህሩ በመጡ ቀን ወተት ይጠጣል፤ ልብስ ሰፊው በመጣ ቀን ይተዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የመጡ እንደሆነ ግማሽ ብርጭቆ። አሳውን በተመለከተ ሾፌሩ ቀድሞ ስለተናገረ ለሾፌሩ ፈረደለት።

ባለቤቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ግራ ገባት፤ በኋላ ተቆጣች። እሷ በትዳር ዘመኗ ሁሉ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ስትል «ያገኘሽውን» የሚላት ባል ነበራት። አንድ ማታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«አንተ ሰው፣ እስቲ ዛሬ የማትበላውን ንገረኝና ከቀረው ልሥራልህ» አለችው።

ይዘረዝርላት ጀመር። ሥጋውን፣ ምስሩን፣ አሳውን፣ ድንቹን፣ ዳቦውን ጠራ። እንቁላልም የሥጋ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ከራሱ ጨመረበት። እሷ እየሰማች መደርደሪያውን በዓይኗ ቃኘች።

«ካሮት ቀርቷል» አለች።

«ካሮትን የከሰሰው የለም» አለ፣ ተስፋ በሚመስል ድምፅ።

እንዲህ ሲሆን አንድ ጠዋት ተአምር መጣ። እጀ ጥጥ ሳያስበው የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆልፎ ጨርሶ ኖሯል። እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ አየው። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ይዘረጋሉ። ደስታው ግን ከቁርሱ በፊት አለቀ። ያዳነው ምንድን ነው? ዝንጅብሉ ነው? የቲማቲሙ መቅረት ነው? ትናንት መምህሩም ልብስ ሰፊውም መጥተው ስለነበር የጠጣው ግማሽ ብርጭቆ ወተት ነው? ወይስ ዝናቡ ማባራቱ? በጨለማ ቤት እየዳበሰ ያገኘውን ማብሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጭኖ መብራት የበራለትን ሰው መሰለ፤ አሁን የቱን ቢለቅ እንደሚጨልም አያውቅምና ሁሉንም ተጭኖ መቆም ሊኖርበት ነው። በማግስቱ ጣቶቹ እንደ ወትሯቸው ደርቀው አደሩ። የዚያን ጊዜ ደግሞ፣ ማታ ባለቤቱ ሳታይ የቀመሳትን ቁራሽ ዳቦ አስታወሰና ጥፋቱን በዳቦዋ ላይ ጣለ።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበሳ። ጫማ ጠጋኙ ሲበሳለት፣ ሰውየው እየጠበበ ነው ወይስ ቀበቶው እየሰፋ ብሎ ቀለደበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ መክሳቱን ያላወቀ እሱ ብቻ ነበር። እሱ የሚከታተለው ጣቱን ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ ለሳምንታዊ መላጨታቸው መጡ። ሰዓቱ ወደ ምሳ እየተቃረበ ነበር፤ የእጀ ጥጥ ጣቶች ተፍታተዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ በሆዱ የገባው ግን የዝንጅብል ውሃና አንድ ማንኪያ እርድ በማር ብቻ ነው። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ስለ ወተት ያወራሉ። ሳሙናው ተቀብቷል። ምላጩ ከጉንጫቸው ወርዶ ማንቁርታቸው ጋ ሲደርስ፣ ክፍሉ እንደ ውሃ ወለል ተወዛወዘበት። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እጁም ተንቀጠቀጠ። ለቅጽበት ነው፤ ግን ተንቀጠቀጠ። ነጩ ሳሙና ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጠብጣብ ታየች።

መምህሩ አልተሰማቸውም፤ ስለ ወተት ማውራታቸውን ቀጠሉ። እጀ ጥጥ ቀና ሲል ዓይኑ በመስተዋቱ ውስጥ ከኮስታራው ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ኮስታራው አየ። ማየቱን ሁለቱም አወቁ።

ኮስታራው የራሱን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቆ መጣና ምላጩን ከሸሪኩ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ፤ የመምህሩንም ጢም ጨረሰላቸው። እጀ ጥጥ ደግሞ ሲመለስለት ምላጩን አጠበ፣ አደረቀ፣ በመሳያው ቆዳ ላይ አንድ ጊዜ አመላልሶ ሳለው፤ ለማን እንደሚስለው ግን አላወቀም። ከፎጣዎቹ ሥር መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ኮስታራው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሞ ነበር። አመሻሽ ላይ በሩን ሲቆልፉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ የተናገረው እሱ ሆነ።

«ምነው ባልተማማልን» አለ።

ባለቤቱ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመውጫ ጫማዋን ፈለገች። በማግስቱ ባሏን ይዛው ጤና ጣቢያ ሄደች። ከኋላው ስትሄድ የሚጠፋባት ይመስል ኮሌታውን አልለቀቀችም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ሰክታዋለች። የእጀ ጥጥን ጣቶች አንድ በአንድ ተጭና አየች። ጠዋት ድርቀቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ሁለቱም እጅ እኩል ይታመም እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» አለችው።

«የዝንጅብል ውሃ።»

«ትናንት ማታስ?»

እጀ ጥጥ ወደ ባለቤቱ አየ። «ካሮት» አለች ባለቤቱ። «ከትናንት ወዲያም ካሮት። ጥንቸል ነው ያገባሁት ዶክተር።»

ሐኪሟ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሾፌሩን፣ መምህሩንና የልብስ ሰፊውን አክስት በየተራ አስተረከችው። ሰምታ ስትጨርስ ያስረዳችው ነገር፣ ባለቤቱ ኋላ በየቤቱ እንደተረከችው፣ እንዲህ ነበር። ሰው ሁሉን ቁርጥማት ይበለው እንጂ በሽታው አንድ አይደለም። የሾፌሩ፣ ሳታየው ባትፈርድም፣ ሪህ ይመስላል፤ ለሱ ሥጋውንና ቢራውን መቀነስ ልክ ነው። መምህሩ ጉልበታቸው ያረጀ ነው፤ ደረጃ ያስወጣቸው የተራገፈው ውፍረት ሳይሆን አይቀርም፤ ቲማቲም ይጎዳል የሚለው በደንብ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የእጀ ጥጥ ደግሞ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚቆጣበት ዓይነት መስሏታል፤ በደም ምርመራ ይለያል። ለሱ ዋናው መድኃኒት ነው። ምግብ መድኃኒቱን ያግዛል እንጂ አይተካውም። አሳ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ምስርና ባቄላ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ከቅቤ ይልቅ የወይራ ዘይት ጥሩ ነው። ስኳርና ጥብሳጥብስ ይቀነስ። ወተቱ ካልረበሸው ይጠጣ። ዝንጅብሉም እርዱም በምግብ ውስጥ ቢገባ ክፋት የለውም፤ እራት ግን አይሆንም።

«የሚያስነሳብዎት የሚመስልዎት ምግብ ካለ» አለችው፣ «አንዱን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉና ይመልሱት፤ ያኔ ይለያል። ሁሉን በአንዴ ካሰሩ ግን ሌባውን በምን ያውቁታል?»

«እሺ» አለ እጀ ጥጥ።

«እጅዎ የተንቀጠቀጠው ደግሞ ከመገጣጠሚያው አይመስለኝም። ላብዎት፣ ማዞሩ፣ ይኼ ሁሉ ሲታይ ረሃብ ነው የሚመስለኝ።»

«እሺ» አለ እንደገና።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ከገቡ ጀምሮ ሁሉንም እሺ ብለውኛል። እስቲ ምን ምን አልኩዎት?»

እጀ ጥጥ አፉን ከፈተ። ሁሉንም ሰምቶ ነበር፤ ግን በመቀስ ድምፅ መሀል እንደሚሰማ ወሬ ነበር የሰማው፤ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በትህትና በሌላው የሚወጣ። ሐኪሟ መቀመጧንና እሱም መቀመጡን አስተዋለ፤ ማን ወንበር ላይ እንዳለ፣ ማን ቆሞ እሺ እንደሚል ተምታታበት።

«ካሮት ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ካሮትን እንኳ አልጠራሁም» አለች ሐኪሟ። ባለቤቱ ግን ሁሉንም አንድ ሳትስት ደገመችላት።

መድኃኒቱ ተጀመረ፤ የምርመራውም ውጤት ሐኪሟ እንደጠረጠረችው ሆነ። ምግቡም ተመለሰ። ባለቤቱ አሳውን በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ስትሠራው የጎረቤት ድመት በር ላይ ትቀመጥ ጀመር። የእጀ ጥጥ ጉንጭ ሞላ አለ፤ ማዞሩ ጠፋ። ጣቶቹ አንዳንድ ቀን ይታዘዙታል፣ አንዳንድ ቀን ያኮርፉታል። በመቀስና በማሽን ፀጉር ማስተካከሉን ቀጠለ። ምላጩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም፤ ጢም ሊላጭ የመጣ ሁሉ ወደ ቀኙ ወንበር ያልፋል። ከደንበኞቹም ጥቂቶቹ ሌላ ሰው አንገታቸውን እንዲነካ አልፈለጉም፤ ጢማቸውን አሳድገው ዞሩ።

ቢሆንም ወንበሩ ወንበር ነው። ሾፌሩ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲመጣ፣ ምስር በላሁ ማለትህን ሰማሁ፣ እጅህን ልትጥል ነው እንዴ ብሎ አስደነገጠው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ስለ ወተቱ አዘነበት። መምህሩ፣ እሳቸውን የመሰለ ሰው፣ የጎረቤታቸው ልጅ ዘንድሮ ብርቱካን መጥፎ ነው ማለቱን ይዘው መጡ። እጀ ጥጥ ለሁሉም እሺ አለ። ያን ማታ የምስሩን ሳህን አየው፤ ገፋ አደረገው። ባለቤቱ የዚህን ጊዜ በስሙ ጠራችው፤ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም። ቀጥላም ምንም አልተናገረችም፤ እሱ ደግሞ ይህን ነበር የፈራው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቱ የሄደችው እሷ ነበረች። ባሏ መድኃኒት ሊወስድ ጎረቤት ካለው መድኃኒት ቤት በገባበት ሰዓት ጠብቃ ከኮስታራው ጋር ተነጋገረች። ምን እንደተባባሉ አይታወቅም፤ ጫማ ጠጋኙ ግን ሴትዮዋ ብዙ፣ ሰውየው አንድ ቃል እንደተናገሩ መስክሯል።

የምሳ ሰዓት እንዳለፈ ደንበኛ ሲሳሳ፣ ኮስታራው በሩን ዘግቶ ቁልፉን አዞረ። ኮቱን ሰቀለ። ወደ ግራው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ። አብረው ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«ጢሜን ላጨኝ» አለ።

«መሐላውስ?» አለ እጀ ጥጥ።

«ስለ ረሃብ የተባለ ነገር አልነበረም። ልጆች ስለነበርን ረስተነው ነው። ደግሞ ቢንቀጠቀጥ ከማንም በፊት የሚሰማው እኔን ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ እላጫለሁ፤ ከምሳ በኋላ፣ ጣትህ ሲፈታ፣ አንተ።»

ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይሳሳትም። እጀ ጥጥ ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነከረ፤ ሲጨምቀው አንጓዎቹ ጠቅ ጠቅ አደረጉት። የሸሪኩን ፊት ሸፈነ፤ ሳሙናውን አረፋ አስደፈቀ። መሳቢያውን ከፈተ። ምላጩ እንደሳለው ነበር።

የመጀመሪያው ስበት ከጆሮው ሥር ወደ አገጩ ወረደ። ጣቱን ያመዋል፤ እጁ ግን ጸጥ ብሏል። ኮስታራው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከወትሮው በተለየ ሁኔታ ማውራት ጀመረ።

«ጨው ለቁርጥማት ክፉ ነው ሲሉ ሰማሁ። ተወው።»

«እሺ» አለ እጀ ጥጥ፣ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ።

«ሽንኩርትም።»

«እሺ።»

«ካሮትም ሳይብስ አይቀርም።»

እጀ ጥጥ ትንሽ ዘገየ። «እሺ» አለ።

«ውሃም ተው» አለ ኮስታራው። «መገጣጠሚያ ማለት ማጠፊያ ነው። ውሃ የነካው ማጠፊያ ደግሞ ይዝጋል። የበሩን አታይም?»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። እጀ ጥጥ በመስተዋቱ ውስጥ የሸሪኩን ፊት ፈለገ፤ ግማሹ ሳሙና፣ ግማሹ የተላጨ፣ ምንም የማይነበብበት ነው። ሲቀልድ ነው? ይህ ሰው ቀልዶ አያውቅም። ከምሩ ነው? ውሃ? እሺ የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ስትኖር ኖራለች። አለቃቸው፣ ጉንጩ የተቆረጠው ሙሽራ፣ ሾፌሩ፣ ወተቱ፣ እርሳስ ፀጉሯ ላይ የሰካችው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡበት። ጉሮሮው ደረቀ፤ ውሃም አማረው።

«ውሃማ» አለ፣ «ውሃማ አልተውም።»

የድስቱ ክዳን በእንፋሎት ትንሽ ተንቀጫቀጨ። ኮስታራው ዓይኑን ሳይገልጥ፣

«በል እንግዲህ» አለ፣ «ስለ ምስሩም ለሾፌሩ እንደዚሁ በለው። ጮክ ሳትል፤ ልክ እንደዚሁ። አሁን ጨርሰኝ፣ ሳሙናው እየደረቀ ነው።»

እጀ ጥጥ ጨረሰለት። ደም የምትባል ነገር አልታየችም። ኮስታራው ፊቱን በመዳፉ ዳብሶ ተነሳ፤ በሩን ከፍቶ፣ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረውን ሰው አስገባ። ሰውየው የኋላ ኋላ እንደተናገረው፣ ኮስታራው በሩን ሲከፍት ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቅ ይሁን የቀረ ሳሙና ግን እርግጠኛ አይደለም።

ባለቤቱ ዘግይታ የሱን ምሳ ይዛ መጣች፤ ምስር፣ ቅጠል፣ አንድ ቁራጭ አሳ። እጀ ጥጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ ሳህኑን ደግፎ በላ። ከመብላቱ በፊት የቀኝ ጣቶቹን አጥፎ ዘርግቶ አያቸው። ዛሬ ታዘውታል። መድኃኒቱ ይሆን? አሳው ይሆን? ወይስ ያቺ እምቢታ? ማሰብ ጀመረና መሀል ላይ ተወው፤ ምስሩ ሊቀዘቅዝ ነበር። ውሃ ስጪኝ አላት።